አባዬ ጾመኛ የሆነበት ክረምት

ሐምሌ 6

መካነ ሰላም ገባሁ። ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ በተቀረቀረ ቁጥር ወርደን ስንገፋ ነው የመጣነው። እማዬ ከመሳሟ በፊት ጫማዬን አስወለቀችኝ። አባዬ ግን በረንዳ ላይ ቆሞ "ዶክተራችን መጣች!" እያለ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ሁለተኛ ዲግሪ እንደሆነ፣ ሁለተኛ ዲግሪም ዶክተር እንደማያሰኝ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። "የጎደለውን እኔ ሞላሁበት" ይላል።

የመጣሁት ለመጻፍ ነው። የምሠራበት ላብራቶሪ ከውጭ የታዘዘው የናሙና ማቅለሚያ እስኪደርስ ቆሟል። አማካሪዬ ዶክተር ትህትና "እስከዚያ የጽሑፉን ግማሽ ጨርሰሽ ጠብቂኝ" ብለውኛል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ በሬን ዘግቼ፣ ከሰው ሳልቀላቀል እጽፋለሁ። መካነ ሰላም ተቀምጬ ይህን ማሰቤ ራሱ ያስቃል።

የሰኔ ጾም ትናንት ስለተፈታ እማዬ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። አባዬ አልቀመሰም! ንስሐ አባቱ መምሬ ይሄነው የንስሐ ጾም አዘውበት ነው አለ። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ "ሹፌርና መንገደኛ ጾም የለበትም" የሚል የራሱን ሕግ አውጥቶ በሁዳዴ ጥብስ ሲያስጠብስ የኖረ ሰው ነው እኮ። ጡረታ ሲወጣ ገነት ትዝ አለችው። እማዬ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት የእሱንም ድርሻ ለእኔ ጨመረችልኝ።

ሐምሌ 9

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላስወጣ ሲለን አባዬ "እስቲ ያን የምታጠኚውን ነገር አስረጂኝ፤ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር 'ስለ ሴል ነው' እያልኩ ማለፍ ሰለቸኝ" አለኝ። ደስ አለኝና ወንበር ስቤ አስተማርኩት።

በምግብ ቧንቧ ካንሰር ላይ በብዛት የሚገኝ ፋሲን የሚባል ፕሮቲን አለ አልኩት። ጤነኛው የቧንቧ ሽፋን ላይ ጥቂት ነው። ሥራው በሴሉ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ማሰር ነው። ክሮቹ ሲታሰሩ ይጠነክራሉ፤ ሴሉም ጣት የመሰለ ነገር ያወጣና እየቆነጠጠ ከቦታው ይነቃነቃል። ዕጢው እንዲያድግም እንዲዛመትም ያግዘዋል።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ነዋ" አለ።

"አዎ፤ እዚህ ግን ድሩ ያበረው ለክፉ ነው።"

"እንደ ቀበሌያችን ኮሚቴ በይው።"

ከዚያ በምን እንደሚጀምር፣ ሰውየው እንዴት እንደሚያውቅ ጠየቀኝ። መጀመሪያ ሥጋ አልወርድ ይላል፤ ቀጥሎ እንጀራ፣ ቀጥሎ ፍትፍት፣ በመጨረሻ ውሃም እምቢ ይላል አልኩት። የሚፈላ ነገር መጠጣት ያጋልጣል ስል እማዬ ሳቀች፤ አባዬ ሻዩን ከእሳት አውርዶ የሚጠጣ ሰው ነው። "ሲበርድ እጠጣለሁ ያለ ሹፌር ደሴ አይደርስም" ይል ነበር።

"ስንቱ ይድናል?" አለኝ በመጨረሻ።

ሴሚናር ላይ እንደምመልሰው መለስኩለት። "እኛ አገር ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት አልፎባቸው ነው። አብዛኞቹ ዓመት አይሞላቸውም።"

"እህ" አለና ዝናቡን ሲያይ ቆየ። እንዲህ ያለ አድማጭ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ሐምሌ 18

መብራት የለም። ኔትወርክ የለም። ላፕቶፑ ጠፍቷል። ዶክተር ትህትና እየደወሉ ይሆናል፤ ላይሆኑም ይችላሉ። ሁለቱም ያስጨንቀኛል።

ሐምሌ 25

ጎረቤታችን እትዬ ኡምኩልሱም ልጃቸው ፈርሂያ ከጅዳ የላከችላቸውን ብርድ ልብስ ሊያሳዩን መጡ። ሊያሳዩን ብቻ ነው፤ ጠቅልለው ይዘውት ተመለሱ። በረንዳው ላይ አባዬን ሲያዩት "አፊያ ነዎት ወይ ጋሽ አስናቀው?" አሉት፤ እሱም "አልሐምዱሊላህ" አላቸው፤ እንደ ልማዳቸው ተሳሳቁ። ሲወጡ ግን በር ላይ እማዬን ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያናግሯት ሰማሁ።

"የሻለም፣ ወላሂ እኛ በረመዳን እንኳ ማታ ማታ እንበላለን። ያንቺ ሰውዬ መቼ ነው የሚያፈጥረው?"

"ጸጋ ነው" አለች እማዬ ኮራ ብላ።

"ጸጋ ከሆነማ አላህ ይጨምርለት" አሉ። ፊታቸው ግን እንደዚያ አላለም።

ቅናት ነው ብዬ አለፍኩት። ሰው የጎረቤቱ ጽድቅም ያስቀናዋል። ማታ አባዬ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አገኘሁት። "ጾም ወገብ ያሳምራል" አለኝ። "ተው፣ እማዬ ሌላ ነገር እንዳትጠረጥርህ" አልኩት። ሳቅን። የሁለተኛውን ምዕራፍ መግቢያ ጻፍኩ።

ነሐሴ 1

ጉድ ነው። አባዬ ሱባኤ ገባ! ጋቢውንና ምንጣፉን ጠቅልሎ ፍልሰታ እስኪፈታ ደብሩ ግቢ ካሉት ጎጆዎች አንዷ ውስጥ ሊቀመጥ ሄደ። ከቤት ሲወጣ "ሰው መጥቶ ከጠየቀኝ ዓለምን ንቋል በሉት" አለን።

ለካ እማዬ ዓምና "እመቤቴ፣ አስናቀውን ወደ ጾም መልሽልኝና ጥላ አስገባልሻለሁ" ብላ ተስላ ኖሯል። ዛሬ ከደሴ ያስመጣችውን ባለ ዘርፍ ጥላ ዘርግታ፣ ሰፈሩን አስከትላ፣ እልል እያለች አስገባች። እኔም እልል አልኩ። የገዛ አባት ሲጸድቅ ማን ይጠላል?

ነሐሴ 9

ዛሬ ብዙ ጻፍኩ። ሕሙማኑ ለምን ዘግይተው እንደሚመጡ የሚያትተው ምዕራፍ ነው። ሕመሙን ጨጓራ ነው ይሉታል፤ ምግባቸውን እያቀጠኑ ይሄዳሉ፤ ከሰው ጋር መብላት ይሸሻሉ፤ ሰበብ ያበዛሉ። ቤተሰቡም እያየ አይጠይቅም። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንደጻፍኩ ተነሥቼ ውሃ ጠጣሁና መስኮቱን ዘጋሁ። ብርድ ነበር።

እማዬ ለአባዬ ስንቅ አድርሳ ተመለሰች። የተነከረውን ሽምብራ ሳይነካ መለሰው፤ በሶ እንድትበጠብጥለት፣ እሱንም ቀጠን እንድታደርገው ነው የፈለገው። "ሽምብራውንም ተወው እኮ! ከመነኮሳቱም በለጠ" አለች። ነገ ምዕራፍ ሦስትን እጀምራለሁ።

ነሐሴ 17

ፍልሰታ ትናንት ተፈታ። በግ ታረደ፤ ቤቱ በሰው ተሞላ። አባዬ በጣም ከስቷል፤ ግን ከሁላችንም ደምቆ የዋለው እሱ ነው። ትሪ ይዞ እየዞረ ያላጎረሰው ሰው የለም። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" እያለ እኔን ደጋግሞ አጎረሰኝ። "አንተስ?" ያለው አልነበረም፤ እጁ ሁልጊዜ ሙሉ ነዋ።

እትዬ ኡምኩልሱም ብቻ ለእሳቸው የተለየውን ዳቦና ሻይ ይዘው ከጥግ ሲያዩት ቆዩና "ኧረ ለራስዎም አንድ ይጉረሱ፣ አፉ ይበሉን" አሉት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አንድ ጎረሰ። አኘከ፣ አኘከና ትሪውን አስቀምጦ ወደ ጓሮ ወጣ። ሲያስለው ሰማሁ፤ ከሳሉ ቀጥሎ ሌላ ድምፅ ነበር። ልነሣ ስል እማዬ "ድስቱን አውርጂልኝ" አለችኝ። አወረድኩላት።

ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። "በርበሬው ነው" አለ። ወጡ አልጫ ነበር።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ዝናቡ እንደ ልማዱ ቀጠሮውን አክብሮ መጣ። ትልቅ ትንሹ ሊጠመቅበት ወጣ። አባዬም ሸሚዙን አውልቆ ወጣ። ጀርባውን አየሁት። በደንብ አላየሁትም፤ ዝናቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባ ነበር።

ዛሬ ምንም አልጻፍኩም።

መስከረም 6

ዶክተር ትህትና በስልክ አገኙኝ። ማቅለሚያው መጥቷል።

"መቼ ትመጫለሽ?"

"ከመስቀል በኋላ።"

"ጽሑፉስ?"

"እየሄደ ነው።"

እየሄደ አይደለም። ከሌሎች ጥናቶች የምወስዳቸው ቁጥሮች ሰው ሰው መምሰል ጀምረዋል። እንቅልፍ ማጣት ነው መሰለኝ። አባዬ ደህና ይተኛል፤ አሁን አሁን ቀንም ይተኛል።

ዘመኑ ተለውጧል፤ ጾሙ ግን አልተፈታም። በእንቁጣጣሽም አልበላ ሲል እማዬ ትንሽ ቅር አላት። "ጽድቅም ልክ አለው" ስትል ሰማኋት።

መስከረም 18

ምን እንደምጽፍ አላውቅም። እንደሆነው ልጻፈው።

መስቀል ትናንት ዋለ። ዛሬ መምሬ ይሄነው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን መጡ። አባዬ ጓዳ ተኝቶ ነበር። መስቀል ተሳለምኩና ልቀልድ ብዬ "መምሬ፣ አባቴን በጾም ጨረሱብኝ እኮ! ሥጋው ቢቀር እንጀራ እንኳ ይፍቀዱለት" አልኳቸው።

"እኔ? ምን አደረግሁ?"

"ያዘዙበትን የንስሐ ጾም ነዋ የምልዎ።"

መምሬ እማዬን አዩ፤ እማዬ እኔን አየች። "ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እኔ ለአስናቀው ያዘዝኩት ጾም የለም። ይልቅ ሱባኤው ላይ በሶው እንኳ አልወርድ ሲለው አይቼ፣ ተው ቤትህ ግባ፣ የታመመ ሰው ጾም የለበትም ብዬ ለምኜዋለሁ። እናንተ የምታውቁ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።"

እማዬ ዳቦ ቆርሳ ለመምሬ ሰጠች። እንደገና ቆርሳ ሰጠች፤ እንደገና። መምሬ ፊት የዳቦ ቁልል ተከመረ፤ እሳቸውም ተው ማለት ፈርተው ይቀበላሉ።

እሳቸው ሲሄዱ ጓዳ ገባሁ። አባዬ ነቅቶ ጣራ ጣራውን ያያል። ሁሉንም ሰምቷል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ከፋሲካ ወዲህ።"

"ሥጋ?"

"ሥጋ፣ ቀጥሎ እንጀራ። አሁን ፍትፍት ላይ ነኝ።" የመንገድ ከተሞች የሚቆጥር ይመስላል። "ቅደም ተከተሉን አንዱንም አልሳትሽውም። ጎበዝ ነሽ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ልነግርሽ ነበር እኮ። ጨጓራ መስሎኝ ጾም ነው እያልኩ ሥጋ ስሸሽ ከረምኩ። ያን ዝናባማ ቀን መድኃኒት ልጠይቅሽ ብዬ ነው ስለ ትምህርትሽ ያነሣሁት። አንቺም ምልክቱን አንድ በአንድ ነገርሽኝ። ስንቱ ይድናል ስልሽ ደግሞ ዓመት አይሞላቸውም አልሽ። እንግዲህ ዓመት ካልሞላኝ ያለችኝን ዕድሜ በሆስፒታል ወረፋ ከምፈጃት፣ አንቺ ስትጽፊ እያየሁ እዚሁ ልቀመጥ አልኩ። ጾም ደግሞ ማንም የማይመረምረው ሰበብ ነው።"

ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። እኔው ነኝ። ወንበር ስቤ፣ በገዛ አፌ፣ ደስ እያለኝ በሩን የዘጋሁበት እኔ ነኝ። አባቴ መድኃኒት ፈልጎ መጥቶ ቁጥር ሰጠሁት።

ይህን ደብተር ማንም አያነበውምና እውነቱን ልጻፍ። ቀበቶውን አይቻለሁ። አልጫውን አውቃለሁ። ሩፋኤል ዕለት ዓይኔ ውስጥ ዝናብ አልገባም። ካልጠየቅሁት ከቁጥሩ ውስጥ አይገባም ብዬ ነው።

መስከረም 19

ደሴ አልሄድም አለ። ቀኑን ሙሉ ስንከራከር ዋልን።

"አንቺው አልፎባቸዋል ብለሻል።"

"አብዛኞቹ አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም! ደግሞ አንተ ገና ፍትፍት ላይ ነህ። በጊዜ የተገኘ ተቆርጦ ይወጣል።"

"ይህን ያኔ መች ነገርሽኝ?"

 በመጨረሻ የረታችው እማዬ ናት። ከትናንት ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰች ሴት መሐላችን ገብታ ቆመች።

"ስማ አስናቀው። እኔ እመቤቴ ሰማችኝ ብዬ ጥላ አስገብቻለሁ። ሰፈሩን ሁሉ እልል አስብያለሁ። ለካ አንተ እየታመምክ ነው እልል የምለው! አሁን ወይ ታክመህ ድነህ የእውነት ትጾማለህ፣ ወይ እኔ ነገ ሄጄ ጥላዬን አስመልሳለሁ።"

አባዬ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። እማዬ ግን እየቀለደች አልነበረም። ከአጥሩ ወዲያ እትዬ ኡምኩልሱም "አብሽሩ ጋሽ አስናቀው! ሐኪምም የአላህ ሰበብ ነው፤ ይሂዱ!" አሉ። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ሳይቆሙ አልቀሩም።

"በሁለት ሃይማኖት ከበባችሁኝ" አለ አባዬ። እሺ አለ።

መስከረም 25፣ ደሴ

መንገዱን ሁሉ ሹፌሩን ሲያርም መጣ። "ሁለተኛ አግባ! ኧረ ሁለተኛ አግባ!" ሹፌሩ መጀመሪያ ተናደደ፤ በኋላ "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምን ላድርግ?" እያለ ይጠይቀው ጀመር።

ነርሷ "ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ" ስትለው "ልጄ፣ የዘንድሮን ክረምት እንደኔ የጾመ ደሴ ውስጥ ፈልገሽ አታገኚም" አላት።

በካሜራ አዩት። ናሙና ወሰዱ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ፊቱን መቆጣጠር ገና አልተማረም።

ጥቅምት 12

ነው።

ሲቲ ስካኑ ግን ርቆ የሄደ ነገር አላሳየም። "ቀዶ ሕክምና ይሞከራል፤ ወደ አዲስ አበባ ውሰዱት" ተባልን። ለዶክተር ትህትና ደወልኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "ጽሑፉ ይጠብቃል" አሉኝ። እኚህ ሴት መጠበቅ እንደሚያውቁ በዚህ ሁሉ ዓመት አላወቅሁም ነበር።

የጽጌ ጾም ላይ ነን። አባዬ ስሙን ሲያነሣ እማዬ "እንዳታስባት!" አለችው። ወተት በማንኪያ ታጠጣዋለች፤ በረደ አልበረደ ብላ መጀመሪያ ራሷ ትቀምሳለች።

ኅዳር 1፣ አዲስ አበባ

አባዬ ሆስፒታል ተኝቷል። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ለሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሕሙማን በሙሉ ወዳጅ አድርጓል፤ ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርጉለት ሐኪም ከየት አገር እንደሆኑ፣ ስንት ልጅ እንዳላቸው፣ መኪናቸው ምን ያህል ነዳጅ እንደሚበላ ያውቃል።

የናሙናው ቁራጭ ዳግመኛ እንዲታይ ከደሴ ወደ እኛ ክፍል ተልኳል። ዶክተር ትህትና አስቀምጠው ነገሩኝ። "ለሕክምናው የአንቺ ፕሮቲን ምንም አይጨምርም። ለጥናቱም ያለ እሱ ፈቃድ አንነካውም። አንቺም ማየት የለብሽም፤ ማንም አያስገድድሽም።"

ለአባዬ እንደ ወሬ አነሣሁበት። ተነሥቶ ተቀመጠ።

"የሰዉን ሁሉ ጉሮሮ ስትመረምሪ ከርመሽ የእኔን ልታልፊው ነው? ምን በደልኩሽ? የሚፈረም ካለ አምጪ።"

"አባዬ፣ አንተን አይጠቅምህም እኮ።"

"ገባኝ። ከእኔ ቀድመው የሰጡትንስ መች ጠቀማቸው? ሰጡ እንጂ።"

ስለ እነሱ አስቤ አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በቁጥር ስጠራቸው ከርሜያለሁ። አባዬ ፈረመ። ውጤቱን ሌላ ሰው ይመዘግባል፤ እኔ ማየት ብቻ ተፈቀደልኝ።

ኅዳር 6

አየሁት።

በማይክሮስኮፑ ጤነኛው ሽፋን ላይ ፋሲንን የሚያሳየው ቀለም የለም ማለት ይቻላል። ዕጢው ላይ ግን ቡናማ ነው፤ ወደ ጠርዙ ይበረታል፤ ጨርቅ ላይ እንደ ተደፋ ሻይ። እንዲህ ያለውን "ጠንካራ" ብዬ መዝግቤ ወደሚቀጥለው ሳልፍ ኖሬያለሁ። ከዚህኛው ግን ዓይኔን ማንሣት አቃተኝ። እዚያ ጠርዝ ላይ ያለው አባቴ ነው። ፈራሁ፤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ሆስፒታል ስደርስ እማዬ ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። እሱ ይጠብቀኝ ነበር።

"አለ?" አለኝ ገና በሩ ላይ ሳለሁ።

"አለ።"

"ብዙ ነው?"

"ብዙ ነው።"

"እንግዲያ ምን ይሆናል?"

ያነበብኩት ቁጥር ሁሉ ምላሴ ላይ መጣ። ብዙ ፋሲን ያለባቸው ስንቶቹ ምን እንደሆኑ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ፣ ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና እጁን ያዝኩት።

"ማክሰኞ ጠዋት ቆርጠው ያወጡታል" አልኩት። "እኔና እማዬ በር ላይ እንሆናለን።"

የሚቀጥል ያለ መስሎት ጠበቀኝ። እንደሌለ ሲገባው ትራሱን አመቻችቶ ተጋደመ።

"ይኸ ይሻላል" አለ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

አስገቡት። በር ላይ ነን።